ኦርላንዶ ላይ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን የፓርክ ሪዞርቶች እንዴት እናወዳድር? ለቤተሰብ ዕረፍት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ፓርኩ ትኬት ነው። ትኬቱ ግን ቀላሉ ነው። ዋጋው ተጽፏል፣ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ራስ የሚያዞረው ሆቴሉ ነው። ዋልት ዲስኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ ብቻ ከ25 በላይ ሪዞርቶች አሉ። ሌላው የመዝናኛ ፓርኮች ባለቤት ዩኒቨርሳል ደግሞ የራሱ 11 ሆቴሎች አሉት። ሁሉም ፎቶ ላይ ያምራሉ። ሁሉም ገንዳ አላቸው። ፎቶው ላይ ያሉት ልጆችም ሁልጊዜ ይስቃሉ።

እዚህ የማወራው ስለ መካከለኛዎቹ ነው። ርካሹን የሚፈልግ ሰው ዋጋ አይቶ ይወስናል፤ ውዱን የሚችል ሰው ደግሞ ብዙም አይጨነቅም። መሀል ላይ ያለው ቤተሰብ ነው ሁለት ሌሊት ስልኩ ላይ አፍጦ የሚያድረው። ለዚህ ቤተሰብ የምመክረው የሆቴሉን ስምና ደረጃ ለጊዜው ትቶ ሦስት ነገር እንዲያይ ነው፦ ሁሉም ነገር ተደምሮ የሚወጣውን ገንዘብ፣ ከክፍሉ በር እስከ ፓርኩ በር የሚፈጀውን ደቂቃ፣ እና ማታ ሁሉም ሰው እግሩን ዘርግቶ መተኛት መቻሉን። ሌላው ጌጥ ነው።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና የሚሄደውን ሰው ሁሉ ከነዕድሜው ጻፉ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ዕድሜ እዚህ ገንዘብ ነው። ዲስኒ ላይ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፓርክ በነፃ ይገባል። የሕፃን አልጋ ውስጥ የሚተኛ ከሆነም ከክፍሉ የሰው ቁጥር ውስጥ አይገባም። ከ3 እስከ 9 የልጅ ትኬት ነው። 10 ዓመት የሞላው በትኬት ቋንቋ አዋቂ ነው። ሆቴሉ ግን አዋቂ የሚለው 18 ዓመት የሞላውን ነው፤ በአንድ ክፍል ከሁለት በላይ አዋቂ ካለ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው በየአዳሩ ጭማሪ ይጠይቃል። ስለዚህ አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም ትልቁ ልጅ 18 ከደፈነ፣ ዋጋ ስትጠይቁ ትክክለኛውን ቁጥርና ዕድሜ አስገቡ። «ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ» ብላችሁ ያያችሁት ዋጋ የእናንተ ዋጋ አይደለም።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው አለ? ቀን ላይ መተኛት ያለበት ልጅ አለ? የነዚህ ሁለቱ መልስ ኋላ ላይ ግማሹን ሆቴል ከዝርዝሩ ያወጣላችኋል።

2. የትኛው ፓርክ ብዙ ቀን እንደሚወስድ ወስኑ

ሆቴል ከመምረጥ በፊት ፓርክ ይመረጣል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል።

የዲስኒ ግቢ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሪዞርት ሳይሆን ከተማ በሉት። ውስጡ አራት ፓርኮች አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፣ በ1982 ኤፕኮት፣ በ1989 ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው፣ በ1998 ደግሞ አኒማል ኪንግደም። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ቀኑን ማጂክ ኪንግደም ያሳልፋል። ከፍ ያሉ ልጆች ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስና ወደ ኤፕኮት ያዘነብላሉ። ሃሪ ፖተር ወዳድ ቤት ውስጥ ካለ ጉዞው የዩኒቨርሳል ነው፤ የዲስኒ ሆቴል ይዞ በየቀኑ ወደ ዩኒቨርሳል መመላለስ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ አዳሩን ለሁለት ክፈሉት፤ መጀመሪያ አንዱ ጋ፣ ከዚያ ሌላው ጋ።

3. «መካከለኛ» ሲባል ምን ይጨመራል፣ ምን አይጨመርም

ዲስኒ ሆቴሎቹን በደረጃ ከፍሏቸዋል። ርካሾቹ፣ መካከለኞቹ፣ ውዶቹ፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ወጥ ቤት ያላቸው ቪላዎች። እዚህ ጋ ልብ በሉ። የዲስኒ እንግዳ የመሆን ዋና ዋና ጥቅሞች ርካሹም መካከለኛውም ላይ አንድ ናቸው።

ጠዋት ፓርኩ ለሁሉም ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ መግባት፣ በየቀኑ፣ አራቱም ፓርክ ላይ፣ ለሁሉም የዲስኒ ሆቴል እንግዳ ይሰጣል። ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን ወረፋ ማሳጠሪያ የምትገዙ ከሆነ፣ የዲስኒ እንግዳ ሆቴል ከሚገባበት 7 ቀን በፊት ጀምሮ መምረጥ ይችላል፤ ውጭ ያረፈ ሰው 3 ቀን ብቻ ነው የሚቀድመው። የሆቴል ፓርኪንግ ነፃ ነው፤ የፓርኮቹም እንዲሁ። አውቶቡሱ ነፃ ነው። በተወሰኑ ምሽቶች ፓርክ ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት መቆየት ግን የውዶቹ ሆቴሎችና የቪላዎቹ ብቻ ነው። መካከለኛ ከፍላችሁ አታገኙትም።

ታዲያ ከርካሹ ወደ መካከለኛው ስትሻገሩ ምን ገዛችሁ? ክፍሉ ከ24 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 29 ገደማ ይሰፋል። ሁለት እውነተኛ ትልልቅ አልጋ ይኖራል፤ ከርካሾቹ ብዙዎቹ ላይ ሁለተኛው አልጋ ቀን ቀን ጠረጴዛ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ነው። ገንዳው የውሃ ሸርተቴ ይኖረዋል፤ ርካሾቹ ላይ የለም። አብዛኞቹ ክፍሎች ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ከሻወሩና ከሽንት ቤቱ በበር ወይም በመጋረጃ ይለያል። ይህቺ የመጨረሻዋ ፎቶ ላይ አትታይም። ግን ጠዋት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲዘገጃጅ፣ አንዱ ሻወር ውስጥ ሆኖ ሌላው ጥርሱን መፋቅ ከቻለ፣ ያ ቀድሞ መግቢያ ግማሽ ሰዓት የሚተርፈው በዚህ ነው።

ይህ ልዩነት ለእናንተ ምንም ካልሆነ፣ ገንዳ የማትገቡና ክፍል ለመተኛት ብቻ የምትፈልጉ ከሆናችሁ፣ መካከለኛውን ተዉት። ፖፕ ሴንቸሪ የሚባለው ርካሽ ሆቴል በኬብል ካር (በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ በሚሄድ ካቢን) ሁለት ፓርክ ያደርሳል። ጎረቤቱ አርት ኦፍ አኒሜሽን ደግሞ ስድስት ሰው የሚይዙ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት ያላቸው የቤተሰብ ክፍሎች አሉት። እነዚያ ግን በስማቸው ብቻ ነው ርካሽ፤ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከመካከለኛው ይበልጣል።

4. እውነተኛውን ዋጋ አስሉ

መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር ውሸት ነው ባይባልም እውነት አይደለም። ስንት ሆቴል ብታወዳድሩም የምታወዳድሩት ሙሉውን ድምር ይሁን፦ የክፍሉ ዋጋ፣ የሪዞርት ክፍያ (ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በየአዳሩ የሚጨምረው አስገዳጅ ክፍያ) ካለ እሱ፣ ታክስ፣ የሆቴሉ ፓርኪንግ፣ የፓርኩ ፓርኪንግ፣ ከኤርፖርት መምጫና መመለሻ።

ዲስኒ በራሱ ሆቴሎች ላይ የሪዞርት ክፍያ አይጠይቅም። ግቢው ውስጥም ሆነ አጠገቡ ያሉ የሌላ ኩባንያ ሆቴሎች ግን አብዛኞቹ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ቀድሞ የመግባት መብት ስላላቸው «የዲስኒ ሆቴል» ይመስላሉ። ታክሱ መካከለኞቹ ባሉበት ኦሬንጅ ካውንቲ 12.5 በመቶ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ብቻ ናቸው። የዲስኒ መካከለኛ ሆቴል በአዳር 280 ዶላር ቢሆን፣ ከነታክሱ 315 ይሆናል፤ አምስት አዳር 1,575። ውጭ ያለ ሆቴል በ170 ዶላር አገኛችሁ እንበል። 35 የሪዞርት ክፍያ ሲጨመር 205፣ ከነታክሱ ወደ 231 ይጠጋል፤ አምስት አዳር 1,153 ገደማ። የሆቴሉ ፓርኪንግ በአዳር 20 ቢሆን 100። ፓርኩ በር ላይ ለመኪና በቀን 30 እየከፈላችሁ አራት ቀን ብትሄዱ 120። ድምሩ 1,373። መጀመሪያ በአዳር 110 ዶላር ይመስል የነበረው ልዩነት ወደ 40 ወረደ። ውጭ ያለው ሆቴል አሁንም ይረክሳል፤ ግን ጥያቄው ሌላ ሆኗል። ለ40 ዶላር ሰፊ ቁርስ ቤትና ትልቅ ክፍል ይሻላችኋል ወይስ ቀድሞ መግባትና መኪና አለመንዳት?

መኪና የምትከራዩት ለሆቴሉ ስትሉ ብቻ ከሆነ የኪራዩን ዋጋም ውጭ ባለው ሆቴል ላይ ደምሩት። አንዳንዴ ሚዛኑ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። በሌላ በኩል፣ ዲስኒ ድሮ እንግዶቹን ከኤርፖርት በነፃ ያመላልስ የነበረበት አውቶቡስ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ የለም። የዲስኒ ሆቴል ስለያዛችሁ ከኤርፖርት የሚወስዳችሁ የለም፤ ታክሲ፣ ኡበር ወይም የሚከፈልበት ሻትል ታስባላችሁ።

5. ከክፍሉ በር እስከ ፓርኩ በር

ሆቴል የሚለየው እዚህ ነው። ድረ ገጾቹ «ነፃ ትራንስፖርት» ብለው ያልፉታል። ትራንስፖርቱ ግን አራት ዓይነት ነው፤ አውቶቡስ፣ ጀልባ፣ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር)፣ እና ስካይላይነር የሚባለው ኬብል ካር። መካከለኞቹ ሞኖሬል የላቸውም። አውቶቡስ ሁሉም አላቸው።

ስካይላይነር በ2019 ነው የተከፈተው። ዋና ጣቢያው ያለው ካሪቢያን ቢች ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስና ወደ ኤፕኮት ይሄዳል። ካቢኖቹ ተከታትለው ስለሚመጡ «መቼ ይመጣ ይሆን» የለም። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ማታ ርችቱ አልቋል። ልጁ ጋሪው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፣ አንድ ጫማው ወልቋል። አውቶቡስ ላይ ጋሪው መታጠፍ አለበት። ስለዚህ ልጁ ይነሳል፣ ያለቅሳል፣ አንዳችሁ ልጅ አንዳችሁ ጋሪ ይዛችሁ ሰው መሀል ትቆማላችሁ። ስካይላይነር ላይ ጋሪውን ከነልጁ ገፍታችሁ ትገባላችሁ። ልጁ አያውቅም። ይህንን ያየ ወላጅ የሁለቱን ሆቴል የዋጋ ልዩነት እንደገና ያስባል።

እንከኑም ይነገር። መብረቅ ሲኖር ስካይላይነር ይቆማል፤ በአሜሪካ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት አካባቢ፣ የኦርላንዶ ከሰዓት በኋላ ያለ ነጎድጓድ አያልፍም ማለት ይቻላል። ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደምም አይሄድም። ከካሪቢያን ቢች ወደነሱ በአውቶቡስ ነው። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ካለም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ማጂክ ኪንግደም አንድ ነገር። በራሳችሁ መኪና ወይም በኡበር ከሄዳችሁ ፓርኩ በር አትደርሱም። ሐይቁ ማዶ ያለው ትልቅ መናኸሪያ ላይ ትወርዱና በሞኖሬል ወይም በጀልባ ትሻገራላችሁ። የሆቴሉ አውቶቡስ ግን በሩ አጠገብ ያራግፋችኋል። «አውቶቡስ ሞታችን ነው፣ በኡበር እንሄዳለን» የሚል ሰው ለሦስቱ ፓርኮች ልክ ነው። ለማጂክ ኪንግደም ግን ከፍሎ መዘግየት ነው።

አሁን ካርታውን ክፈቱ። የእያንዳንዱን ሪዞርት ካርታ ድረ ገጹ ላይ ታገኛላችሁ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንት ነው፣ ምግብ ቤቱ የት ነው፣ ትልቁ ገንዳ የት ነው። አንድ ማቆሚያ ብቻ ያለው ሆቴል ላይ አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ይሄዳል። ብዙ ማቆሚያ ያለው ላይ ግቢውን ዞሮ ነው የሚወጣው፤ የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ስትጠብቁ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ለመግባት ከፍላችሁ ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ መዞር አለ።

6. አራቱ የዲስኒ መካከለኞች ቀረብ ብለን ስናያቸው

*ካሪቢያን ቢች* በ1988 የተከፈተ፣ የመጀመሪያው መካከለኛ ሆቴል ነው። በሐይቅ ዙሪያ በደሴቶች ስም በተጠሩ መንደሮች ተዘርግቷል። ገንዳው የድሮ ምሽግ ይመስላል፤ ሸርተቴ፣ ለትንንሾቹም የውሃ መድፍ አለው። አንዳንድ ክፍሎች አምስተኛ ሰው የሚያስተኛ ከግድግዳ የሚወርድ አልጋ አላቸው፤ ለትንሽ ልጅ የሚሆን ነው እንጂ ጎረምሳ አያስተኛም። እንከኑ ስፋቱ ነው። ስካይላይነሩ አጠገብ ያለ መንደር ከደረሳችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሐይቁ ማዶ ከደረሳችሁ ኬብል ካር ለመድረስ ራሱ አውቶቡስ ያስፈልጋችኋል። ሕንፃዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆኑ ሊፍት የላቸውም። አያት ካሉ ምድር ቤት ጠይቁ።

*ኮሮናዶ ስፕሪንግስ* በ1997 ተከፈተ። ዋና ሥራው ስብሰባ ነው፤ ጠዋት ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ከልጆቻችሁ ጋር ቡና ወረፋ ይይዛል። ይህንን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ እንደ ጥቅም ነው የማየው፤ ለስብሰባ ሰው የተሠራ ሆቴል ምግብ ቤቱ ይበዛል፣ ማታ ደግሞ ጸጥ ይላል። በ2019 ግራን ዴስቲኖ የሚባል ባለ 15 ፎቅ ሕንፃ ተጨመረበት። የክፍሎቹ በሮች ወደ ውስጥ ኮሪደር ነው የሚከፈቱት፤ ሊፍት አለ፣ ሎቢው ሥር ነው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቶሌዶ የሚባል እራት ቤት አለ። የውድ ሆቴል ስሜት በመካከለኛ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ይቺን ማማ ይይ። ገንዳው የማያ ፒራሚድ ሥር ነው፤ ሸርተቴው ከአራቱ ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። ግን ገንዳው ከማማው ራቅ ይላል። ስካይላይነርም ጀልባም የለም፣ አውቶቡስ ብቻ። ትልቅ ስብሰባ ባለበት ሳምንት ክፍል ይጠፋል፣ ዋጋም ይሰቀላል። የተለመዱት ክፍሎች አራት ሰው ነው የሚይዙት።

*ፖርት ኦርሊንስ ፍሬንች ኳርተር* ከአራቱ ትንሹ ነው። ወደ 1,000 ገደማ ክፍሎች፣ ሰባት ሕንፃ፣ አንድ አውቶቡስ ማቆሚያ። ከየትኛውም ክፍል ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። ሕንፃዎቹ ሊፍት አላቸው። ልጅ ይዞ የሚንገላታ ሰው «ምንም አትምረጡልኝ፣ አንድ ስም ብቻ ንገሩኝ» ቢለኝ ይህንን ነው የምለው። የኒው ኦርሊንስን የድሮ ሰፈር የሚመስል ነው፤ ስኳር የተነሰነሰበት ሚኪ ማውስ የሚመስል ቤኜ የሚባል ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ ይሸጥበታል። እንከኑ? ቁጭ ብሎ የሚታዘዝበት ምግብ ቤት የለውም፤ ፉድ ኮርት ብቻ ነው። ክፍሉም ከአራት ሰው አያልፍም። አምስት ከሆናችሁ እዚሁ አቁሙ።

*ፖርት ኦርሊንስ ሪቨርሳይድ* የፍሬንች ኳርተር ታላቅ ወንድም ነው፤ በወንዝ ዳር የእግር መንገድ ይገናኛሉ። ክፍሎቹ እጥፍ ናቸው፣ ከ2,000 ይበልጣሉ። አሊጌተር ባዩ በሚባለው ጎን አምስት ሰው የሚይዙ ክፍሎች አሉ፤ ሕንፃዎቹ ግን ባለ ሁለት ፎቅና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ማግኖሊያ ቤንድ በሚባለው ጎን ሊፍት አለ። ልዕልት ለምትወድ ልጅ የአልጋው ራስጌ ላይ ርችት የሚበራበት ክፍልም አለ፤ ለሱ ይጨመርበታል። ቦትራይትስ የሚባለው ምግብ ቤት እራት ብቻ ነው የሚያበላው። ዛፍ የበዛበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ግቢ ነው። ሰፊ ስለሆነ ግን እንደ ካሪቢያን ቢች ሁሉ የክፍላችሁ ቦታ ዕጣ ነው።

ሁለቱ ፖርት ኦርሊንሶች ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ዲስኒ እንግዳ ካረፈበት ሆቴል ውጭ ገንዳ እንዲገባ አይፈቅድም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ይጋራሉ። ከሁለቱም ዲስኒ ስፕሪንግስ ወደሚባለው የገበያና የምግብ ሰፈር ጀልባ አለ። ፓርክ በማትሄዱበት ቀን ያቺ ጀልባ ራሷ መዝናኛ ናት።

7. ዩኒቨርሳል ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው

ዩኒቨርሳል ላይ የዲስኒን ዓይነት ደረጃ አትፈልጉ። በዋጋ መሀል ላይ የሚወድቁት ሳፋየር ፎልስ (2016)፣ ካባና ቤይ (2014)፣ አቬንቱራ (2018)፣ እንዲሁም በ2025 የተከፈቱት ስቴላ ኖቫና ቴራ ሉና ናቸው። ካባና ቤይ ስድስት ሰው የሚይዙ፣ ትንሽ ወጥ ቤት ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ በጎማ ተቀምጠው የሚንሳፈፉበት ሰው ሠራሽ ወንዝ አለው፣ ቦውሊንግም አለው። ከቮልኬኖ ቤይ የውሃ ፓርክ አጠገብ ነው። ብዙ ልጅ ላለው ሰው ከዲስኒ መካከለኞች የሚሻል ነው ብዬ አምናለሁ። ሳፋየር ፎልስ ዘና ያለ ነው፤ ጀልባም አለው። ስቴላ ኖቫና ቴራ ሉና ግንቦት 2025 ለተከፈተው አዲስ ፓርክ፣ ለኤፒክ ዩኒቨርስ፣ ቅርብ ናቸው፤ ለሁለቱ የቆዩ ፓርኮች (ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳና አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር) ግን ሩቅ።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ነጥብ ይኸውና። ኤክስፕረስ የሚባለው ወረፋ መዝለያ በሁለቱ የቆዩ ፓርኮች በነፃ የሚሰጠው ሦስት ሆቴሎች ላይ ብቻ ነው፦ ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ። ሳፋየር ፎልስ ውድ ስለሚመስል ይሰጣል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አይሰጥም። ነገር ግን ሮያል ፓሲፊክ አንድ አዳር ብቻ ብታድሩ፣ ለክፍሉ ሰው ሁሉ በምትገቡበት ቀንም በምትወጡበት ቀንም ይሠራል። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ቀን። አራት ሰው ሆናችሁ ኤክስፕረስ ለየብቻ ብትገዙ የሚወጣውን ከአንዱ አዳር ዋጋ ጋር አወዳድሩት። ብዙ ጊዜ ውዱ ሆቴል ይረክሳል። የተቀረውን አዳር ካባና ቤይ አድርጉት። ኤፒክ ዩኒቨርስ ላይ ግን ይህ ነፃ ኤክስፕረስ አይሠራም።

ዩኒቨርሳል ለሆቴል እንግዶቹ በየአዳሩ ፓርኪንግ ያስከፍላል። መኪና ካላችሁ ድምሩ ውስጥ ይግባ።

8. አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት

ከሦስት በላይ ሆቴል አታወዳድሩ፤ አምስት ከሆነ ልባችሁ የፈለገውን ለመምረጥ ሰበብ ነው የሚሆናችሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ዓምድ አድርጉ። የአምስት አዳር ሙሉ ድምር፣ ስንት ሰው በምቾት እንደሚተኛ፣ ብዙ ቀን ወደምትውሉበት ፓርክ በምን እንደምትሄዱ፣ ደረጃ ወይም ሊፍት፣ ቁርስ የት እንደሚበላ። ገንዳውን መጨረሻ ላይ ጻፉ። ልጆቹን ከጠየቃችሁ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይሆናል፤ እሱ የቤታችሁ ፖለቲካ ነው።

አንድ መስመር ላይ «አይሆንም» የሚል የወጣበት ሆቴል ይሰረዝ። ጉልበቷን የሚያማት አያት ካለች ሊፍት የሌለው ሆቴል በዋጋ ስለረከሰ አይካስም። ከተረፉት ውስጥ ልዩነቱ በአዳር ከ20 እና 30 ዶላር በታች ከሆነ ዋጋውን እርሱትና ወደ ፓርኩ ቀላል መንገድ ያለውን ውሰዱ።

9. መቼና እንዴት ማስያዝ

ዋጋው በየቀኑ ይለያያል። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ በአብዛኛው ይወርዳል። ከገና እስከ አዲሱ የፈረንጆች ዓመትና የፋሲካ ሰሞን ሰማይ ይነካል። ሴፕቴምበር የረከሰው ያለምክንያት አይደለም፤ ትምህርት ተከፍቷል፣ የአውሎ ነፋስ ወቅቱም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ዲስኒ ላይ ከመምጫችሁ በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ለኦርላንዶ ይፋዊ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ ያለ ዲስኒ ቅጣት መሰረዝ ወይም ማዛወር ይቻላል። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን የራሱ ሕግ አለው።

ክፍል ብቻ ስታስይዙ የአንድ አዳር ቅድሚያ ይከፈላል፤ ሙሉ ገንዘብ ተመላሽ የሚሆነው ከመምጫችሁ ቀናት ቀድማችሁ ከሰረዛችሁ ነው። ክፍልና ትኬት በአንድ ላይ ከገዛችሁ ግን ቀነ ገደቡ ወደ 30 ቀን ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መሰረዝ ያስቀጣል። የእረፍት ፈቃዳችሁ ገና ካልጸደቀ ለየብቻ ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የመሰረዣውን ሕግ ስክሪን ሾት አድርጋችሁ ያዙ።

ወደ 60 ቀን ሲቀራችሁ የዲስኒ ምግብ ቤቶች ቀጠሮ ይከፈታል፤ የሆቴል እንግዳ ለቆይታው ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ስለሚችል በዚያ ጠዋት ተነሱ። ቀኑ ሲቃረብ ኦንላይን ቼክ ኢን ስታደርጉ ስለ ክፍሉ ጥያቄ የምታስገቡበት ቦታ አለ። አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፤ «ምድር ቤት» ወይም «ለአውቶቡስ ቅርብ»። አምስት ጥያቄ የጻፈ ሰው አንዱም አይሟላለትም። ቃል ኪዳን አይደለም፣ ልመና ነው።

ካስያዛችሁ በኋላ ደግሞ ዋጋውን ማየት አታቁሙ። ዲስኒ ቅናሽ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሰው ካስያዘ በኋላ ነው፤ ቅናሹ ቀድሞ ለያዘ ሰው በራሱ አይደርስም። በየሁለት ሳምንቱ ቀናችሁን አስገብታችሁ ፈልጉ። ያው ክፍል ወርዶ ካገኛችሁት ደውሉና በአዲሱ ዋጋ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ በቅናሹ የተመደበ ክፍል እስካለ ድረስ ይቀይሩላችኋል።